አቶ በየነን በጠመኔ የገደልኩ ዕለት

ሰው መግደሌን የማወራላችሁ በኩራት አይደለም። ደግሞም ሟቹ ዛሬ ጠዋት ደውለው «ምነው ጠፋህ?» ብለውኛል፤ ስለዚህ ፖሊስ ልጥራ ብላችሁ የተነሳችሁ ካላችሁ ተቀመጡ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና እኔም ከሥሩ ልጀምር።

ዲላ ተወልጄ፣ ዲላ አድጌ፣ እዚያው ዲላ የማስተምር የኮምፒውተር መምህር ነኝ። ቁመቴን አትጠይቁኝ። ከእኔ ቀጥሎ ክፍል የሚገባው መምህር የሰሌዳውን የላይኛ ግማሽ ሁልጊዜ ንጹሕ ሆኖ ያገኘዋል፤ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አልሰጥም። ይህን ያነሳሁትም እንድታዝኑልኝ ሳይሆን፣ ለሚመጣው ጥፋት ከተጠያቂዎቹ አንዱ ቁመቴ ስለሆነ ነው።

ያን ዓርብ ጠዋት የማስተምረው ስለ ከርነል ነበር። ከርነል ማለት የኮምፒውተሩ የውስጥ አስተዳዳሪ ነው፤ የትኛውም ፕሮግራም እሱን ሳያስፈቅድ ውኃ አይጠጣም። ይህ አስተዳዳሪ የሚሠራባቸው እጆች ብዙ ናቸው። አንዱ እጅ የሚጽፈውን ሌሎቹ በዚያችው ቅጽበት ሊያነቡት ይችላሉ። መቶ አንባቢ ቢሰበሰብ እርስ በርሱ አይጎዳዳም፤ ዝም ብሎ ያነባል። ጸሐፊ ግን አንድ ብቻውን ሆኖም አደገኛ ነው። ግማሹን ጽፎ ግማሹ ሲቀረው አንባቢ ከደረሰበት፣ አንባቢው የሚያየው አሮጌውም አይደለም፣ አዲሱም አይደለም፤ ማንም ያልጻፈው ሦስተኛ ነገር ነው። ስለዚህ ወይ ጸሐፊው ጨርሶ እስኪወጣ በሩ ይቆለፋል፤ ወይም አዲሱን ሌላ ቦታ ለብቻው ጽፎ ይጨርስና «ከእንግዲህ ይህን አንብቡ» ብሎ ባንድ ጊዜ ያዞራል፤ አሮጌውንም የመጨረሻው አንባቢ ሳይጨርስ አይጥለውም።

እስከዚህ ተማሪው ተከትሎኛል። የተቀየመኝ ቀጥዬ ስለ ቅደም ተከተል ሳነሳ ነው። «እናንተ መጀመሪያ ሀን፣ ቀጥሎ ለን ብትጽፉም» አልኩ፣ «ሌላው እጅ ለን ቀድሞ አይቶ ሀን ገና ላያይ ይችላል። በሁለቱ መካከል አጥር ካላደረጋችሁ የጻፋችሁበት ቅደም ተከተል ለሌላው በዚያው ቅደም ተከተል አይደርሰውም።»

ሰላም የምትባል ከፊት የምትቀመጥ ተማሪ አለችኝ። እጇን አታወጣም፤ በቀጥታ ትናገራለች።

«ቲቸር፣ ሲሪየስሊ? እኔ ቀድሜ የጻፍኩትን ሰውዬው ኋላ ያያል? ይሄ እኮ ኮምፒውተር አይደለም፣ መተት ነው። እስቲ ከኑሮ ምሳሌ ስጠን።»

ምሳሌ አልነበረኝም። ሰዓቴን አየሁና «ጊዜው አልቋል» አልኩ። ጊዜው አላለቀም ነበር።

አሁን ወደ እድሩ ልውሰዳችሁ። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ሆኜ ከተመረጥኩ አራት ወር ሆኖኝ ነበር። የተመረጥኩትም «ኮምፒውተር የሚያውቅ ልጅ እያለን!» ተብሎ ነው። ከእኔ በፊት ለብዙ ዓመት ጸሐፊ የነበሩት አቶ ገብሬ ናቸው፤ ኮርኒስ ቆመው የሚጠርጉ ረጅም ሽማግሌ። አቶ ገብሬ ሁለት ሰሌዳ ነበራቸው። አንዱ የእድሩ በር ላይ ይሰቀላል፤ ሌላው ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ይተኛል። አዲስ ማስታወቂያ ሲመጣ የተሰቀለውን አይነኩትም። የተኛው ላይ ይጽፋሉ፣ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ ያነቡታል፣ ከዚያ አውጥተው ይሰቅሉታል። የወረደውንም ወዲያው አያጠፉትም። «ዘግይቶ የሚመጣ ሰው አለ» ብለው ግድግዳው ሥር ያስደግፉታል።

ሥልጣን በያዝኩ በሁለተኛው ሳምንት ይህን አይቼ ሳቅሁ። ለአንድ እድር ሁለት ሰሌዳ! «ብክነት ነው» ብዬ አንዱን ለሰፈሩ መዋዕለ ሕፃናት በስጦታ አበረከትኩ። ተጨበጨበልኝ። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ማለት ይኼ ነው። አስቡት እንግዲህ፤ አቶ ገብሬ በሁለት ሰሌዳ የሚሠሩትን ሥራ እኔ በየዓመቱ ለተማሪ «የሊቃውንት ዘዴ» እያልኩ የማስተምረው፣ ፈተና ላይም የማላስቀረው ነው። ክፍል ውስጥ ሳገኘው ዕውቀት፣ እድር ውስጥ ሳገኘው ብክነት ሆነብኝ።

ሟቹን ላስተዋውቃችሁ። አቶ በየነ ጅግሶ ከኮንጋ መጥተው ዲላ የከተሙ፣ በጡረታ ላይ ያሉ የቢሮ ሠራተኛ፣ ከሁሉም በላይ የምህረት አባት ናቸው። ምህረት ማን ናት ብትሉኝ የባዮሎጂ መምህርት ናት፤ ከዚያ ወዲያ ልቀጥል ብል ወረቀቱን እሷ ትጨርሰዋለች። እወዳታለሁ፤ በቃ። እሑድ ሽማግሌ ልልክ ቆርጬ ነበር፤ የሽማግሌዎቹ መሪም እኚያው አቶ ገብሬ ናቸው።

ስጋት ግን ነበረብኝ። እኔ የተጠመቅኩበትና እነሱ የሚጸልዩበት ቤተ ክርስቲያን ለየቅል ነው፤ ይህን እኔና ምህረት ተነጋግረን ብንጨርስም አባቷ ምን እንደሚሉ አይታወቅም። በዚያ ላይ አንድ ቀን «አባዬ ስለ አንተ ምን እንዳለ ልንገርህ?» አለችኝ። «ፈጣን ልጅ ነው፤ ግን የያዘውን ሳይጨርስ ሌላ ይጀምራል አለ።» ከዚያን ቀን ወዲህ ጥርሴን እንኳ ስቦርሽ ጨርሼ ነው የምወጣው።

አቶ በየነ ታመው ሐዋሳ ሆስፒታል ከርመው ነበር። ድነው በዚያው ሳምንት መግቢያ ተመለሱ፤ ቅዳሜ በስድስት ሰዓት ጎረቤት ሁሉ ተጠርቶ በቤታቸው የምስጋና ጸሎት ሊደረግ ሆነ። ጥሪው በእድሩ ሰሌዳ ይውጣ ተባለ። ለእኔ ከሰማይ የወረደ ዕድል ነው! ስማቸውን አሳምሬ እጽፋለሁ፣ ሲያልፉ ያዩታል፣ «ይህን የጻፈው ማነው?» ይላሉ፣ እሑድ ደግሞ ሽማግሌዎቼ ይደርሳሉ።

ከክፍል ወጥቼ በሰባት ሰዓት ሰሌዳው ፊት ቆምኩ። የረቡዕ ማስታወቂያ ገና አለ። ከላይ በትልቁ «ዜና ዕረፍት» ይላል፤ ከሥሩ የአንዲት የሰፈራችን ባልቴት ስም፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከዚያም የቀብሩ ሰዓትና ቦታ። ዳስተሬን አንስቼ ከታች ወደ ላይ አጸዳሁ። «ዜና ዕረፍት» ጋ ስደርስ አልደረስኩም። በእግሬ ጣት ቆምኩ። ዘለልኩ። ረቡዕ የጻፍኩት ወንበር ላይ ቆሜ ነበር፤ ወንበሮቹ ደግሞ ከለቅሶው ቤት ገና አልተመለሱም።

ሌላ ሰው ቢሆን መጀመሪያ ወንበር ይፈልጋል። እኔ ግን ፈጣን ልጅ ነኝ። «እስከዚያ ሥራ አልፈታም» ብዬ ከሥሩ ጻፍኩ። አቶ በየነ ጅግሶ። ነገ ቅዳሜ በስድስት ሰዓት። በመኖሪያ ቤታቸው። ሁላችሁም እንድትገኙ። ላይኛውን አጥፍቼ «የምስጋና ጥሪ» የምለው ወንበር ሳገኝ ነው። ጽሕፈቱ ከማማሩ የተነሳ ራቅ ብዬ ቆሜ አየሁት፤ እንዲህ ራቅ ብዬ ሳየው እንኳ ከላይ ጀምሬ አላነበብኩትም።

ወንበር ልዋስ መንገዱን ተሻግሬ እትዬ ዘይነባ ሱቅ ገባሁ። እትዬ ዘይነባ ሱቅ ገብቶ የፈለገውን ብቻ ይዞ የወጣ ሰው እስካሁን አልታየም።

«ቁጭ በል እስቲ፤ ሻይ ቅመስ» አሉኝ። «የዚያች ልጅ ነገርስ?»

«ያቺ ልጅ» ከተባለ እግሬ ይታሰራል። ሻዩ መጣ፣ ሁለተኛውም ሻይ መጣ፤ የእሑዱን ነገር አወራሁ፣ እትዬ ዘይነባም ዱዓ አደረጉልኝ። ወንበሩን ተሸክሜ ደጅ ስወጣ ጥሩምባ ሰማሁ።

ሮባ የእድራችን ለፋፊ ነው። ሞተር ብስክሌት አለው፣ ጥሩምባ አለው፣ ጥያቄ የለውም። በሰሌዳው በኩል ሲያልፍ ያነባል፤ «ዜና ዕረፍት» ካለ ይነፋል። እኔ ሻይ ስጠጣ መጥቶ፣ አንብቦ፣ ራሱን ነቅንቆ ሄዷል። ሁለት መንገድ ወዲያ ድምፁ ይሰማል።

«ያገር ሰው ስማ! አቶ በየነ ጅግሶ ዐርፏል! ነገ በስድስት ሰዓት! ያልሰማ እንዳይቀር!»

ወንበሩን ተሸክሜ ሮጥኩ። ለምን ወንበሩን እንዳልጣልኩት እስከዛሬ አልገባኝም፤ የሰው ዕቃ ነው ብዬ ይሆናል። ሰው ደግሞ ከቤቱ ብቅ ሲል የሚያየው የእድሩን ጸሐፊ፣ ወንበር ተሸክሞ፣ ላብ በላብ ሆኖ ሲሮጥ ነው። ሮባን ያላመነ እኔን አይቶ አመነ። «ወይኔ! እውነት ነው ማለት ነው!» እያለ የራሱን ወንበር ተሸክሞ ተከተለኝ። ዞር ብዬ ሳይ ከኋላዬ አሥር የሚሆን ወንበር ይሮጣል።

ሮባን መነኻሪያው አጠገብ ነዳጅ ሊቀዳ ቆሞ ደረስኩበት።

«ሮባ! ማን ነው ዐርፈዋል ያለህ?»

«ሰሌዳው።»

«ጽፌ አልጨረስኩም ነበር እኮ!»

ሮባ በርኅራኄ አየኝ። «ቲቸር፣ ሰሌዳው ጨርሷል አልጨረሰም እኔ በምን አውቃለሁ? አንተ ጻፍክ፣ እኔ አነበብኩ፣ ነፋሁ። ለኮንጋም ነግሬያለሁ።»

«ለኮንጋ?»

«ለወንድምየው፣ ለታደሰ። ስልኩ አልገባ ሲል በጽሑፍ ልኬዋለሁ። ዘመድ አይቅር ብዬ ነው።»

በዚህ መሐል ስልኬ ጮኸ። ምህረት ነበረች። «አባቴ ሞተ ይላሉ» አለች። «ጠዋት ቁርስ አብረን በልተናል። ሞተ ይላሉ።» እዚህ ላይ ትንሽ መቀለዴን ላቁም። ያ ድምፅ ዛሬም ትዝ ይለኛል። ሆስፒታል አልጋ ሥር ወር ሙሉ ተቀምጣ ያስታመመች ልጅ፣ የፈራችው ሁሉ አልፎ ዕፎይ ባለች በአራተኛው ቀን፣ በእኔ ችኮላ አባቷን ዳግመኛ አጣች።

«አልሞቱም! ምህረት፣ ደህና ናቸው!» አልኳት።

«በምን አወቅህ? አየኸው?»

«አላየኋቸውም፤ ግን የገደልኳቸው እኔ ነኝ።»

ስልኩ ተዘጋ። ወደ ቤቷ እየሮጠች እንደሆነ ገባኝ።

መጀመሪያ ኮንጋን ማስቆም አለብኝ ብዬ የሮባን ስልክ ተቀበልኩ። ደወልኩ፤ አይገባም። እሺ፣ በጽሑፍ። ከሮባ መልእክት ሥር እንዲገባ በዚያው ስልክ ጻፍኩና ላክሁ። «የቅድሙ ስህተት ነው። አቶ በየነ በሕይወት አሉ፣ ደህና ናቸው።» የመምህር ነገር፣ አንድ ጊዜ ተናግሬ ካልደገምኩ የተሰማሁ አይመስለኝም። ስለዚህ አስከተልኩ። «ከላይ ያለው እውነት ነው። ቶሎ ለዘመድ ሁሉ ንገሩ።» ተንፍሼ ስልኩን መለስኩለት።

ልብ በሉ። ሀን ጻፍኩ፤ ቀጥዬ ለን ጻፍኩ። በመካከላቸው «የመጀመሪያው ደርሶሃል ወይ?» ብዬ አልጠየቅሁም፤ አጥር አላደረግሁም። የኮንጋ ኔትወርክ ደግሞ የዚያን ቀን ብልጭ ድርግም እያለ ነው የዋለው። ሀ መንገድ ላይ ቀረ። ለ ደረሰ። አቶ ታደሰ ስልካቸውን ሲከፍቱ የሚታያቸው «አቶ በየነ ዐርፏል፣ ነገ ስድስት ሰዓት» የሚል ሆኖ፣ ከሥሩ ደግሞ «ከላይ ያለው እውነት ነው። ቶሎ ለዘመድ ሁሉ ንገሩ» ይላል። ሰውየው ሲጠራጠሩ ቆይተው ነበር አሉ። የእኔ መልእክት ቁርጡን ነገራቸው፤ ለቡና የመጣውን አይሱዙ አስቁመው ዘመድ ይጭኑበት ጀመር።

እኔ ይህን ሳላውቅ ወደ አቶ በየነ ቤት በሮባ ሞተር ተፈናጥጬ ሄድኩ፤ ወንበሩን እንደያዝኩ። ስንደርስ የእድሩ ድንኳን ግማሹ ቆሟል። የእድራችን ፍጥነት ሰው ሲሞት ነው የሚታየው። ድንኳን ተካዮቹ የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ ሟችን በመልክ አያውቁም። ከድንኳኑ አንዱ ጥግ ገመድ ይዘው ቆመው «ላላ አድርገው! ካስማው ወደ ጥዱ ዛፍ በኩል ይሁን!» እያሉ የሚያዙት ራሳቸው አቶ በየነ ናቸው።

ኋላ እንደተረዳሁት ከእንቅልፋቸው ነቅተው ሲወጡ ድንኳን ሲራገፍ ያያሉ። «ለማን ነው?» ይላሉ። «ለአቶ በየነ» ይሏቸዋል። አቶ በየነ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ «ለምስጋናዬ ድንኳን ድረስ! ተባረኩ ልጆቼ!» ብለው ኮታቸውን አውልቀው ሥራ ይጀምራሉ። የራሳቸውን የለቅሶ ድንኳን እንዲህ ደስ እያላቸው የተከሉ ሰው ከእሳቸው ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ምህረት ከእኔ ቀድማ ደርሳ የአባቷን ወገብ በሁለት እጇ አቅፋ እንደያዘች ነው። አቶ በየነ በነጻው እጃቸው ገመዱን ይስባሉ፤ በሌላው ጀርባዋን ይደባብሳሉ። «ምን ሆነሻል? ድንኳን ነው እኮ» ይሏታል። ከአባቷ ትከሻ በላይ አየችኝ። ያቺን አስተያየት አልጽፋትም።

ከዚያ አልቃሽ መግባት ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሴቶች «ወንድም ጋሼን!» እያሉ በሩን አልፈው ገብተው፣ ወንድም ጋሼ ካስማ ሲመቱ አይተው አፋቸው እንደተከፈተ ቀሩ። ከኋላ የሚመጣው ደግሞ የፊቶቹ ዝም ማለት ሐዘኑ ከብዷቸው ነው ብሎ ጮኸ። አቶ በየነ ነገሩ ቀስ በቀስ ሲገባቸው መዶሻውን አስቀመጡና እኔ የተዋስኩት ወንበር ላይ ቁጭ አሉ።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ የኮንጋው አይሱዙ ደረሰ። አቶ ታደሰ መኪናው ሳይቆም ዘለው ወርደው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ «ወንድሜን! ሳላይህ!» እያሉ ድንኳን ገቡ። ወንድማቸው ተነስተው ወንበር ለቀቁላቸው። አቶ ታደሰ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ተቀምጠው ትንሽ አለቀሱ፤ ከዚያ ማን ወንበር እንደለቀቀላቸው ቀና ብለው አዩ። በዚያች ቅጽበት ኪሳቸው ውስጥ ስልካቸው ጢን አለ። አውጥተው ጮክ ብለው አነበቡት።

«የቅድሙ ስህተት ነው። አቶ በየነ በሕይወት አሉ፣ ደህና ናቸው።»

ስልኩን አዩ፣ ወንድማቸውን አዩ። «አሁን ነው የገባው» አሉ። «አንተ በሕይወት አለህ ይላል።»

«እኔም እንደዚያው እያልኩ ነው» አሉ አቶ በየነ፤ ተቃቅፈው እየሳቁ ያለቅሱ ጀመር። እኔ ዲላ ሙሉ ቢስቅብኝ በታገሥኩ፤ በዚያች ሰዓት በልቤ የመጣው ግን «ሰላም ይህን ብታይ» የሚል ነው። ምሳሌው መጣልኝ እኮ፤ የመጣው በአይሱዙ ተጭኖ ሆነ እንጂ።

ሳቁ ሲበርድ ጥያቄው ተነሳ። ሰው ሁሉ ድንኳን ውስጥ፣ ወንበር ላይ፣ አለ፤ ሸንጎ ለመሆን የቀረው የለም። አንዱ «ሮባ ነው፤ ከልፈፋው ይነሳ!» አለ። ሌላው ደገመው። ሮባ ጥሩምባውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፋ። ሮባ ያነበብኩትን ነፋሁ አላለም፤ በእኔ ላይ አላመለከተም። ይህ አሳፈረኝና ቆምኩ።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ። መቆሚያ ወንበር አጥቼ፣ ግማሹን አጥፍቼ፣ ግማሹን ሳላጠፋ፣ አዲሱን ከሥሩ ጻፍኩ። ከዚያ ሻይ ልጠጣ ሄድኩ። ሮባ ያነበበው የተጻፈውን ነው።»

አቶ ገብሬ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሁለተኛው ሰሌዳ የት ሄዶ ነው እዚያው ላይ የምታጠፋ የምትጽፈው?»

«ለሕፃናቱ ሰጠሁት፣ ጋሼ።»

«እኔ ሁለቱን ሰሌዳ የያዝኩት ጠመኔ በዝቶብኝ መሰለህ?»

ከርነል፣ አንባቢ፣ ጸሐፊ፣ ሁሉንም ላስረዳቸው አፌን ከፈትኩ፤ ዘጋሁት። ሳይማሩት የሚሠሩበትን ለእሳቸው የማስተምረው እኔ ማን ነኝ?

አቶ በየነ እጃቸውን አነሱ። «እኔ ያልገባኝ አንድ ነገር ነው፣ ልጄ። ወንበር እስክታገኝ አንድ ሰዓት ብትቆይ ምን ነበረበት? ምን አጣደፈህ?»

እውነቱን መናገር ጥሩ ነው። ግን ለእውነትም ተራ አለው፤ እኔ ደግሞ ተራ አላውቅም። «ስምዎን አሳምሬ ጽፌ እንዲያዩልኝ ነው» አልኩ። «እሑድ ምህረትን ልጠይቅዎ ነበርና።»

አቶ በየነ እንደሞቱ ሲነገራቸው እንኳ እንደዚያ አልደነገጡም። በአገራችን ልጅ የሚጠይቅ ሰው አፍ የለውም፤ አፉ ሽማግሌዎቹ ናቸው። እነሱ ሄደው፣ ደጅ ጠንተው፣ ተመልሰው፣ እንደገና ሄደው ነው የሚሆነው። እኔ በሽማግሌዎቼ ፊት፣ በዘመድ ጉባኤ መካከል፣ በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ራሴ ጠየቅሁ። አቶ ገብሬ ግንባራቸውን በመዳፋቸው ያዙ። ምህረት ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበችው፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለይ አለኝ። አለቀልኝ ብዬ ቁጭ ልል ስል ወንበሩ ላይ አቶ ታደሰ አሉ።

አቶ በየነ ያወለቁትን ኮት መልሰው ለበሱ። ከዚያ «የመጣው እህል ይቅመስ» ብለው ሰዉን ወደ ምግብ አዞሩትና፣ እጄን ይዘው ወደ ጓሮ፣ ከእንሰቶቹ መካከል ወሰዱኝ።

«ስማኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ሐዋሳ ተኝቼ ስልኳ ሲጮህ እሷ ስትወጣ አያለሁ። ስትመለስ ፊቷ ሌላ ነው። ማን እንደሚደውል አልጠየቅኋትም፤ ያ የሚደውለው ሰው እንዳይቀር ግን ጸልያለሁ። እሑድ ሽማግሌዎችህ ይምጡ። እኔ እምቢ እላለሁ። በሁለተኛውም እምቢ እላለሁ፤ ወጉ ነው፤ ልጄ በአንድ ቃል የምትሰጥ አይደለችም። በሦስተኛው እሺ እላለሁ። አንተ ግን ቀድመህ ስለጠየቅኸኝ እኔም ቀድሜ መለስኩልህ። ለሽማግሌዎቹ እንዳትነግር።» መሐረቤን ፈለግሁ፤ የዳስተሩ ጨርቅ ነው ከኪሴ የወጣው፤ በእሱው ፊቴን ጠረግሁ፤ ፊቴ በጠመኔ ነጭ ሆኖ ወደ ድንኳኑ ተመለስኩ።

ቅዳሜ የምስጋናው ጸሎት በዚያው ድንኳን ሆነ። ከኮንጋ የመጣው ዘመድም አድሮ ስለነበር አዳራሽ የሚሞላ ሰው ተገኘ።

እሑድ አቶ ገብሬ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ገቡ። እኔ አጥር ጥግ ቆሜ ጥፍሬን እበላለሁ። መልሱን አውቀዋለሁ፤ እምቢ እንደሚሉም አውቃለሁ፤ ሆዴ ግን ይህን ሁሉ አያውቅም። ከሳሎኑ የአቶ በየነ ድምፅ እንደ ነጎድጓድ ይወጣል። ምህረት በጓሮ በር ብቅ ብላ በእጇ ጠራችኝ።

«አባዬ ‹ያ ልጅ ሳይበላ ቆሞ ይሆናል፤ አስገቢው› ብሏል» አለችኝ። ማድቤት አስገብታ ቆጮና ጎመን ፊቴ አቀረበችልኝ። በሳሎኑና በማድቤቱ መካከል ያለው አንድ ስስ ግድግዳ ብቻ ነው።

«ለዚህ ልጅ» ይላሉ አቶ በየነ ከግድግዳው ወዲያ፣ «ለዚህ ልጅ እንኳን ልጄን፣ ቤቴ ውኃ አላስቀምስም! ሂዱ!»

አቶ ገብሬ ይለምናሉ። አቶ በየነ ይቆጣሉ። ከዚያ «ጉሮሮዬ ደረቀ፤ ውኃ ልጠጣ» ብለው ሲነሱ ሰማሁ። የማድቤቱ በር ተከፈተ። እጃቸውን ታጠቡ፣ ከፊቴ ካለው ቆጮ ቆርሰው ጎመኑን ጠቀለሉበት፣ አፌ እስኪሞላ አጎረሱኝ፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለው ሁለተኛውን ደገሙኝ፣ እጃቸውን በፎጣ ጠርገው በሩን ከኋላቸው ዘጉ።

«እንዳልኳችሁ ነው» አሉ ሳሎን ሲደርሱ። «እምቢ!»